ቁልፉን የሰጠሁህ እኔ ነኝ

ኦስሎ፣ ሃውገሩድ
ዓርብ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳዲቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህን፣ ሥራህን፣ የትሮምሶን ብርድ ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ካላስቀደምኩት ብዕሩ ወደ ሌላ ወሬ ይዞኝ ይሄዳል፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ያን ቀን የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሴ አልሰረቅክም። በእጅህ ያስጨበጥኩህ እኔ ነኝ። "ንዳና አውርዳት" ያልኩህም እኔ ነኝ። ይህን አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ከአላህ በቀር ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። እናትህ ሐዋ እንኳን፣ አላህ ይማራትና፣ ሳታውቅ ነው የሄደችው። ነገሩ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት አለፈው።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። በስልክ ግን "እሺ አባ፣ ደህና ነኝ አባ" ትለኛለህ፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ፊደሉ ከከበደህ ቀስ ብለህ አንብበው እንጂ ለማንም አታስነብበው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ልጅ ስለነበርክ ያላየኸው ይኖራል።

የቫክትመስተርነቱን፣ የግቢ ጠባቂነቱን፣ ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ወር ላይ ነበርኩ፤ የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም። የስምንቱን ሕንፃ ግቢ እጠርጋለሁ፣ አምፖል እቀይራለሁ፣ ቆሻሻ አመላልሳለሁ። የነዋሪዎቹ ማኅበር ለዚህ ሥራ የሰጠኝ ያቺን ሰማያዊ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር፤ ሀብታሞች ጎልፍ ሜዳ ላይ የሚነዱት ዓይነት ሆና ከኋላዋ የጭነት ሣጥን ያላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ሰው በሌለበት መሪውን አስይዤሃለሁ። ጎበዝ ነበርክ። ልጄ ሲነዳ ሰው ቢያይልኝም ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደብቅህም።

ቀኑ ዓርብ ነው። የመከር ዕረፍት ላይ ናችሁ፣ ቅጠሉ እየረገፈ ነው። ጁሙዓ ሊያመልጠኝ ደርሷል። መኪናዋ ቅጠል ተጭና ላይኛው ሕንፃ ደጃፍ ቆማለች፤ ጋራዡ ደግሞ ቁልቁለቱ ሥር ነው። እሷን አውርጄ፣ ቆልፌ፣ ውዱእ አድርጌ ግሮንላንድ ሰፈር ካለው መስጊድ አልደርስም። ቁልፉን ሰጠሁህ።

"አባ፣ ብቻዬን?" አልከኝ።

"ወንድ አይደለህ እንዴ?" አልኩህና ወደ ባቡሩ ሮጥኩ። ወደ ሶላት ስለምሮጥ ራሴን ጥሩ ሰው አድርጌ ነበር የማየው። ኢማሙ ያን ቀን ምን እንዳስተማሩ ዛሬ አላስታውስም። ስልኬን ዘግቼው ነበር።

ስመለስ መኪናዋ አጥር ላይ ተደግፋለች፣ ቅጠሉ መንገዱ ላይ ተበትኗል። የሦስተኛው ሕንፃ ሴትዮ፣ ሲግሩን፣ እጇ ተሰብሮ በአምቡላንስ ተወስዳለች። ፍሬን ይዘህ ነበር፤ እርጥቡ ቅጠል ነው ያንሸራተተህ። የማኅበሩ ሰብሳቢና ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ አንተ መሐላቸው ነህ። ፊትህ ወረቀት መስሏል።

እኔ ቋንቋ አልነበረኝም። ሐኪም ቤትም፣ ባንክም፣ ማዘጋጃ ቤቱ ኮሙኑም ዘንድ የምትናገርልኝ አንተ ነበርክ። ያን ቀንም አንተው ሆንክ። ሰብሳቢው ጠየቀ፤ ወደኔ ዞረህ "ቁልፉ ልጁ እጅ እንዴት ገባ ነው የሚለው፣ አባ" አልከኝ። ስለ ራስህ "ልጁ" እያልክ። እኔ የታየኝ ሥራዬ ነው። "ከጃኬቴ ኪስ ሳላየው ወስዶ ነው በላቸው" አልኩህ።

አየኸኝ። ብዙም አልቆየህም። ከዚያ ዞረህ በዚያ በጥሩ ኖርዌይኛህ ተረጎምከው። አልጨመርክም፣ አልቀነስክም። ሰውዬው አንድ ቃል ጠየቀህ፤ አንተም "ያ"፣ አዎ ማለትህ ነው፣ አልከው። ቃሉን ለባለታክሲው ለዓብዱ ነግሬው በኋላ ፈታልኝ። "ሰረቀ ማለት ነው?" ነበር ያለህ።

ይህም አልበቃኝ። እንደ አገራችን ደንብ ሽማግሌ ይዤ ሲግሩን ቤት ሄድኩ። ዓብዱን ለመንኩ፣ እናትህ ዳቦ ደፋች፣ አንተን ከፊት አስቀደምንህ። ዓብዱ "ይቅርታ ልንጠይቅሽ ነው፣ ልጁም ጉልበትሽን ይስማል" ሲላት ሴትዮዋ "ነይ፣ ነይ፣ ነይ!"፣ በነሱ ቋንቋ "አይሆንም"፣ እያለች በደህናው እጇ ልታነሳህ ስትታገል ትዝ ይልሃል? አንተ ግን ስመህ ነው የተነሳኸው። እኔ ከኋላህ እጄን አጣምሬ "ቀጥተነዋል" አልኩ። ጉልበት መሳም የሚገባው ከኋላ የቆመው ነበር።

እናትህ ስንት ቀን ስትቆጣህ አንዴም "አባ ነው" አላልካትም። የግቢው ልጆች "ቁልፍ" የሚል ስም ሲያወጡልህም ዝም አልክ። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላህ ትሮምሶ ሄድክ፤ ትምህርት ነው ተባባልን። ዛሬ ሃያ ስምንት ሊሞላህ ነው፣ መንጃ ፈቃድ አላወጣህም። በዚያ በረዶ ቆመህ አውቶቡስ ትጠብቃለህ። ሰው "ምነው ልጅህ መኪና አይገዛም?" ሲለኝ "ለአየሩ ብክለት አስቦ ነው" እላለሁ። ይኸውልህ፣ ሌላ ውሸት።

እኔስ? ሥራው ጸናልኝ፣ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ሰው ሐጅ ሲሄድ የቤቱን አማና ለኔ ነው የሚተወው። "ጀላሉዲን ዘንድ ከሆነ አይጠፋም" ይላሉ። ይህን ስሰማ ወሬ እቀይራለሁ። ሶላቴን አቋርጬ አላውቅም። ግን ሱጁድ ላይ ሆኜ ሁሉንም ነገር ስለምን ያቺን አንዷን ውሸቴን እዘላታለሁ፤ ካልጠራኋት አላህ የማያያት ይመስል።

አሁን ምን ቀሰቀሰህ ትለኝ ይሆናል።

ጥሩነህ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር አለ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ የገባ። ጨዋታ አዋቂ ነው። አምና አንድ ጎልፍ ሜዳ አርጅቶብኛል ብሎ የሸጠውን መኪና ገዝቶ አመጣ። ለአስቤዛ ማመላለሻ ነው አለ። ሳምንት ሳይሞላው ልጆች ወረሱት። በሕንፃዎቹ መሐል ባለው መንገድ፣ ሰው ውሻና ሕፃን ይዞ በሚሄድበት፣ አምስት ስድስት ሆነው ተጭነው ይበራሉ። ሹፌሯ ጁመና ናት፣ የጎረቤቴ የራህመት ልጅ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

"ጁመና፣ ቀስ በይ!" ስላት፣

"አባባ ጀላል፣ ይሄ እኮ ሃያ ብቻ ነው የሚሄደው። አንተ ብትሮጥ ትቀድመዋለህ" ትለኛለች። አንተ ነው የምትለኝ፤ ያሁን ልጅ እንዲህ ነው።

"እኔ ከሮጥኩ አምቡላንስ ነው የሚከተለኝ።"

ጥሩነህ ደግሞ ከበረንዳው ላይ ሆኖ፣ "ጋሽ ጀላል፣ ይተዉአቸው እንጂ! ስልክ ላይ አፍጥጠው ከሚውሉ አየር ቢያገኙ አይሻልም?"

"አየር በእግርም ይገኛል።"

"ጡረታ ወጡ እንጂ መጥረጊያውን አልለቀቁም!" ይልና ግቢውን ያስቃል።

ወላጆች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ይንዱ፣ ግቢያችን ነው አለ፤ ግማሹ ሰው ሳይሞት ይከልከል አለ። ነገሩ ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ቀረበና አጀንዳው በየፖስታ ሣጥናችን ገባ። ራህመት ወረቀቱን ይዛ መጣች።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው የኛ ሳዲቅ ነው እንዴ?"

አዲሷ ሰብሳቢ ናት የጻፈችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የድሮ መዝገብ አገላብጣ ያገኘችውን ነው ያሰፈረችው። "በ2009 የቫክትመስተሩ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቁልፍ ሰርቆ ሲነዳ አንዲት ነዋሪ አቁስሏል፤ ስለዚህ ልጆች እንዳይነዱ ይከልከል" ይላል። ዘመኑ በነሱ አቆጣጠር ነው። ስም የለውም። ግን የቫክትመስተሩ ልጅ ስንት ነው?

"አዎ፣ እሱ ነው" አልኳት።

"ውይ! ያ የረጋ ልጅ? እሱ ይሰርቃል?"

"ልጅነት ነው እንግዲህ" ብላ ራሷ ሸፈነችልኝ። ያን ጊዜ በሰው አገር፣ ሥራ ፈርቼ፣ ቋንቋ አጥቼ ነበር የዋሸሁብህ። አሁን ግን ጡረተኛ ነኝ፣ ማንም የሚያባርረኝ የለም፣ የጠየቀችኝም በአማርኛ ነው። ያም ሆኖ ዝም አልኩ።

ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅ በሰፈር መንገድ መንዳት የለበትም፤ እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። የተጻፈው ምክንያት ግን ውሸት ነው። ልጅ ሌባ ስለሆነ አይደለም። መንዳት ስለማይችልም አይደለም። አንተ ትችል ነበር፤ ጁመናም ትችላለች፣ መታጠፊያ ላይ ከጥሩነህ ትሻላለች። ልጅ የማይችለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰው ወድቆ ሲጮህ፣ ትልልቅ ሰዎች ከበው ሲጠይቁት፣ ቁልፉን የሰጠው ሰው ከጎኑ ይቁም አይቁም በምን ያውቃል? አንተ በምን ልታውቅ ኖሯል?

ነፍስ ተንኮለኛ ናት፣ ልጄ። "አሁን እውነቱን ብትናገር የሰብሳቢዋ ክርክር ይወድቃል፣ ልጆቹ ይነዳሉ፣ አንዱ ይሞታል፤ ዝም ማለትህ ለልጆቹ ነው" አለችኝ። ሦስት ቀን ያህል አመንኳት። ለራሴ ስል የማደርገውን ሁሉ ለሌላ ሰው ነው ማለት ለምዶብኛል፤ ያን ዓርብም ለአላህ ነው ብዬ አልነበር የሮጥኩት?

የስብሰባውን ውጤት አስቀድሜ ልንገርህ። ከትናንት ወዲያ፣ ረቡዕ፣ ልጆች እንዳይነዱ ተወሰነ። ጁመና አኩርፋኛለች። ዛሬ ደረጃው ላይ አግኝቻት "ሰላም ነው?" ብላት "ነይ" ብላኝ አለፈች። ጥሩነህ "ሹፌሬን ከሥራ አባረሩብኝ" እያለ የገዛ አስቤዛውን ራሱ ይነዳል።

ዱዓውን እዚህ ላይ ላድርስ፣ ቦታው መጨረሻ ቢሆንም። ቀሪውን አንብበህ ምን እንደሚሰማህ አላውቅም፤ ወረቀቱን ከማስቀመጥህ በፊት ይድረስህ ብዬ ነው። አላህ እግርህን ከበረዶው፣ ስምህን ከሰው አፍ ይጠብቅ። የደከምክበት ይባረክልህ። የምታርፍባት ሚስት ይስጥህ። ልጅ ሲሰጥህ ከኔ የተሻለ አባት ያድርግህ። አሚን ማለት ካቃተህ እኔ እልልሃለሁ። አፉ በለኝ፣ ሳዲቅ። ዛሬ በለኝ አላልኩም፤ ሲቻልህ። ደውል አልልህም፣ ናም አልልህም። ከፈለግክ በሩ ክፍት ነው፣ ካልፈለግክም ልጄ ነህ።

አሁን የረቡዑን ልጻፍ።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል። ሲግሩን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ጥሩነህ ተናገረ፣ ሰው ሳቀ፤ አንድ አባት ተቆጣ፣ አንዲት እናት መለሰችለት። ከዚያ ሰብሳቢዋ ያችን የመዝገብ መስመር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። "ስትያል"፣ "ሰረቀ" የምትለዋ ቃል ላይ ስትደርስ እጄን አነሳሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እጄ ከኔ በፊት ነው የተነሳው። ወንበሩን ይዤ ቆምኩ።

ራህመት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ጋሼ፣ ምን ሊሉ ነው?" አለች። ጁመና ከጎኗ ተነስታ "እኔ እተረጉምለታለሁ!" አለች። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ኖርዌይኛዋ እንዳንተ ነው።

"አይ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ ቁጭ በይ" አልኳት።

ስህተት የበዛበት ኖርዌይኛ ነው የተናገርኩት። አማርኛው ይህ ነው፦ "ልጄ ሳዲቅ አልሰረቀም። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ንዳ ያልኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ዋሸሁ፤ ውሸቱንም በሱ አፍ አስነገርኩት። ልጆች አይንዱ። ግን በልጄ አሳብባችሁ አትከልክሉ፤ በኔ አሳብባችሁ ከልክሉ። ሲግሩን፣ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

ጸሐፊዋ ጣቷን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ "ይህ መዝገብ ላይ ይግባ?" አለችኝ።

"ያ" አልኳት፤ ስሜንም ፊደል በፊደል ነገርኳት።

አባትህ
ጀላሉዲን