አውሮፕላን የተሳለበት ካሴት

ከቤ፣ የኔ ሆድ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። አንተ ዘንድ ዝናብ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እዚህ ቀበና ግን ወንዙ ሞልቶ ሲያጉረመርም ያድራል።

የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰላም ጣሪያው በሰበሰ ብላ ቆርቆሮውንም ኮርኒሱንም አስቀየረችው። አሁን ዝናቡ እንደ ድሮው አይጮህም፣ እንቅልፍ ይወስድሻል ብላኝ ነበር። አልወሰደኝም። ወንበርህ ላይ ድመቷ ነግሣለች፤ እንዳንተው ማንንም አታስጠጋም።

የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው። በእህትህ።

ያንን አውሮፕላን የሳልክበትን ካሴት ታስታውሰዋለህ? የጦር አውሮፕላን መካኒክ ሳለህ፣ የምትወደውን የአብራሪዎች ፊልም ሙዚቃ ሸክላ ከባልደረባህ ላንድ ቀን ተውሰህ መጣህ። ፊልሙን ስንት ጊዜ እንዳየኸው እግዜር ይወቀው፤ እኔን ሁለቴ ሲኒማ ቤት ወስደኸኝ ሁለቴም አንቀላፍቻለሁ። ማገናኛ ሽቦ ስላልነበረን ቴፑን ከሸክላ ማጫወቻው ፊት ደቀንከው። ሰላምን እንዳላስለቅሳት፣ ድስት እንዳልነካ አስጠንቅቀኸኝ መቅዳት ጀመርክ። ዝናቡ ግን ማስጠንቀቂያህን አልሰማም። ይባስ ብሎ ሁላችንን ዝም ያሰኘኸው ሰውዬ፣ ትራምፔቱ ከፍ ሲል አላስችል ብሎህ አብረህ አፏጨህ። ያውም ከዜማው ወጥተህ!

ሌላ የተቀዳ ድምፅ የለህም። ስልክ ሲደቀንብህ እንኳ አፍህን ትይዝ ነበር።

በአርባህ ዕለት እህትህ እትዬ ዘነቡ፣ ቄሱ ስላንተ የሚሰጡትን ትምህርት ልትቀዳ ቴፗን ይዛ ከእንጦጦ ወረደች። ስልክ አታምንም፣ ታውቃታለህ። ባዶ ካሴት ፍለጋ መሳቢያህን ከፈተች፤ ጽሑፍ የሌለበት፣ የልጅ ጭረት የመሰለ ሥዕል ያለበትን አገኘችና እሱኑ ይዛ ሄደች። እኔ ድንኳን ውስጥ እንግዳ እያስተናገድኩ ነበር። ያወቅኩት ከርሜ ካሴቱን ስፈልግ ነው።

ምን ልበላት? በየማለዳው ትምህርቱን ከፍታ ታለቅሳለች። ብነግራት እሷን ይሰብራታል፤ ዝም ብል እኔን ያቃጥለኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ቆየሁ።

ሰላም ልታጽናናኝ የፊልሙን ሙዚቃ ከኢንተርኔት አወረደችልኝ። ድምፁ እንደ አዲስ ተጣርቶ፣ ፊልሙ ውስጥ ያልገቡት ዜማዎች ሳይቀሩ ተጨምረውበት ወጥቷል አለችኝ። እውነትም ጥርት ያለ ነው። ትራምፔቱ ከፍ ሊል ሲል ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ፤ ብቻውን አለፈ። ስልኩን መለስኩላት። ሙዚቃውን ማን ፈለገው፣ እኔ የፈለግኩት አንተን ነው።

ባለፈው እሑድ እንጦጦ ማርያም አስቀድሼ እትዬ ቤት ጎራ አልኩ። አንተን አልዋሽህም፣ ካሴቱን ልቀማት ነበር የሄድኩት። ዳገቱን ስወጣ፣ ቄሱ ያን ቀን ትምህርቱን ማሳጠራቸው ትዝ አለኝ። ካሴቱ ላይ ከትምህርቱ የተረፈ ቦታ ይኖራል ማለት ነው። እዚያም ባትኖርስ ብዬ ፈራሁ።

ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ ከፈተችልኝ። ቄሱ በክርስትና ስምህ እየጠሩ አመሰገኑህ፤ ያላደረግከውንም ጨምረውልሃል። እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታነባለች። አሜን ሲባል እንደ ልማዷ ልትዘጋው ስትል እጇን ያዝኳት።

መጀመሪያ ዝናቡ መጣ፣ በአሮጌው ቆርቆሯችን ላይ። ቀጥሎ ትራምፔቱ። ከዚያ አንተ፣ ከዜማው ወጥተህ።

እንባዬ መጣ። እትዬ ቴፑን አየች፣ እኔን አየች። ከመቅዳቴ በፊት ምን ነበረበት አለችኝ። ዝናብ አልኳት። እንዳላመነችኝ ከፊቷ አወቅኩ። ቤት ውስጥ ማፏጨት ሰይጣን ይጠራል እያለች ዕድሜ ልክህን ስትቆጣህ የኖረች ሴት ናትና፣ እንዳይከብዳት ብዬ ልዘጋው ተነሣሁ።

"ተይው" አለችኝ። "ያፏጭ።"

ካሴቱን እዚያው ትቼላት ወረድኩ። ንዴቴ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ የጠፋው ጠፍቷል። ግን ጉልበቴ እስከፈቀደ በየእሑዱ እወጣለሁ፣ አብረን እንሰማሃለን። ካሴት ነውና አንድ ቀን መበጠሱ አይቀርም። አታስብ ከቤ፣ ከዜማው የት ጋ እንደምትወጣ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ሚስትህ