ከግቢ ስለማይወጣው ግማሽ ዳቦ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ምገባ አስተባባሪ፣
ባሉበት፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉዳዬ የሆድ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምግብ ፍላጎትዎ እንዳይቀንስ እመኛለሁ። እኔ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ለእስረኛ ጠያቂዎች ሻይና ብስኩት የምሸጥ፣ የሦስተኛ ክፍሏ የፌኔት እናት ነኝ። መንግሥት ልጄን ምሳ ስለሚያበላልኝ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ከልቤ ነው። ቀጣዮቹ ለእርስዎ ናቸው።

1ኛ፦ «ምግብ ከግቢ አይወጣም» የሚለውን መመሪያዎን ለማስከበር ልጆቻችን ወደ ቤት ሲወጡ በር ላይ እንዲፈተሹ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። እኔ በምውልበት በር የሚፈተሸው ወደ ውስጥ የሚገባው ስንቅ ነው፣ ያውም የእስረኛ። ከሕፃን ካልሲ ውስጥ ዳቦ ማደን የእርስዎ ፈጠራ ነው።

2ኛ፦ ፌኔት ለአራት ዓመቱ ወንድሟ ለዮሚፍ ከድርሻዋ ቆርሳ የደበቀችው ግማሽ ዳቦ በተያዘ ማግስት፣ በእርስዎ ትእዛዝ ዳቦውን ይዛ ሰልፍ ፊት ቆማለች፤ «ሌባ» ተብላለች። የራሷን ዳቦ! ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው፤ እኔም ተቃጥያለሁ፣ ይህን በጨዋ ቃል መጻፍ አልቻልኩበትም።

3ኛ፦ የትምህርት ቤቱ ምግብ ማብሰያ ቤት የተመረቀ ዕለት ከወጥ ሠሪዎቹ አንዷ ነበርኩ። ለእርስዎ የተቋጠረውን ሙሉ ድፎ ዳቦ መኪናዎ ድረስ የተሸከምኩትም እኔው ነኝ። ጥበቃው ጋሽ ሳህሌ መኪናዎን አልፈተሹም፤ እጃቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጥተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልዎ። መመሪያው በካልሲ እንጂ በመኪና ላይ እንደማይሠራ ያኔ አልገባኝም ነበር።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጄን ባቆሙበት ሰልፍ ፊት ቆመው ሌባ አለመሆኗን ይንገሩልኝ።

ማዕድዎ ሳይጎድል፣ መኪናዎም ሳይፈተሽ ዘመንዎ ይባረክ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ቢፍቱ ቡልቻ
ከማረሚያ ቤቱ በር

ማስታወሻ፦ ፌኔት ካልሲውን ትታለች። አሁን የመጨረሻዋን ጉርሻ ሳትውጥ በጉንጯ ይዛ ቤት ድረስ ትመጣና ለዮሚፍ ታጎርሰዋለች። በመንገድ ሰላም ሲሏት ዝም ስለምትል ጎረቤት ኮርታለች ይላል። ጉንጭ ማስፈተሽ ካማረዎት ግን ጋሽ ሳህሌን አይላኩ፤ እርስዎ ራስዎ በሩ ላይ ቆመው «አፍሽን ክፈቺ» ይበሏት።