አህያው ይቅርታ የሚጠይቅበት ክፍል

ውድ ወንድምጋሼ፣

ደብዳቤ «እንዴት ነህ?» ተብሎ ይጀመራል። እኔ ግን እንዴት እንደሆንክ አውቃለሁ፤ የማላውቀው የት እንደሆንክ ነው። አንዴ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው ይሉናል፤ ከዚያ ተዛውሯል ይሉናል፤ ደግሞ ዞረው «እንደዚህ የሚባል ሰው መጥቶም አያውቅ» ይሉናል። እማዬ ከእኔ ጋር ማውራት ስለተወች፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሆነውን ከሥሩ ጀምሬ የምነግረው ሰው ከአንተ በቀር የለኝም።

የካርቱናችንን የምርጫ ክፍል ከማንም በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። ከባልዲ እየቀዳን ሳህን ስናጥብ ነበር። ሌላው ሰው «የፎቁ ሰዎች»ን የእሑድ ካርቱን አድርጎ ነው የሚያየው፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ፣ የሚጣሉ፣ የሚታረቁ፣ በሊፍት የሚሻሙ እንስሳት። ለእኛ ግን የቤተሰብ ነገር ነበር። ጸሐፊው አንተ፣ አህያው አንተ፣ የአህያው ልጅ ውርንጭላው ደግሞ ድምፄ እስኪጎረንን ድረስ እኔ። አክስታችን «መቼ ነው የምታገባው?» ስትልህ እንኳ «ማን ያገባኛል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሴቶቹ ሰምተዋል» ትላት ነበር።

«ስማኝማ» አልከኝ፣ እጅህ አረፋ እንደሆነ። «ጉማሬው የፎቁ ሊቀመንበር ሆኖ ሊመረጥ ነው። ተወዳዳሪው ራሱ ብቻ ነው። ነዋሪውን ሰብስቦ፣ ‹ምርጫችን ነፃ ነው። የተስማማ ቀኝ እጁን ያንሳ፤ በጣም የተስማማ ግራ እጁን ያንሳ› ይላል። አህያው ምን የሚል ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ያቺን የቡሽ ክዳን ከኪስህ አውጥተህ በመንጋጋህ ነከስካት። ያለሷ የአህያው ድምፅ አይመጣልህም ነበር። ከዚያ ቀስ ብለህ፣ እንደ ሞኝ፣ «እሺ... ያልተስማማስ የቱን ያንሳ?» አልክ።

ሳህኑ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እማዬ ከሳሎን «ሳቁ! ሳቁ! ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ብላ ጮኸች።

«እማዬ፣ ቧንቧችን ከደረቀ ሳምንቱ! በየትኛው ውሃ ነው የምወሰደው?» አልካት። እሷም ሳቀች። ይህን አሁን ባስታውሳት ምን እንደምታደርግ ስለማላውቅ ዝም ብያለሁ።

ክፍሉ ከታየ በኋላ የሆነውን አንተም ጥቂቱን አይተሃል። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ አንዱ ሾልኮ ሲገባ ሴትዮዋ «ያልተስማማ የቱን ያንሳ?» ስትል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪያችን «ያልገባው እጁን ያንሳ» ሲል ከኋላ ወንበር አንዱ «የቱን?» አለው። ክፍሉ ፈረሰ። አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ዞሮ የሚጽፍ መሰለ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው ቤት የገባሁት።

የበላህ ግን ቃሉ አይደለም፤ ጣቷ ናት። ጉማሬው እጁን ወደ ሕዝቡ ሲያነሳ ትንሿ ጣቱ ወደ ውስጥ ትታጠፋለች። ያቺን ጣት የማያውቃት የለም፤ በየቢሮው በተሰቀለው የትልቁ ሰውዬ ፎቶ ላይ እንደዚያው ነው የምትታጠፈው። ሰው ሁሉ ሆን ተብሎ የተደረገ መሰለው። እኔም መስሎኝ ነበር፤ በልቤም «ወንድሜ ደፋር ነው» ብዬ ኮርቼብህ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ መጥተው ወሰዱህ። ሹካህን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስደግፈህ «መጣሁ፣ እንዳታነሱት» ብለህ ወጣህ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ጭጭ አለ። አንድ ጠዋት ደውለው «ልቡ ነው» አሉን። እንዲህ ብቻ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልክ የምትወጣ ሰው ልብህ። እማዬ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወደ ሆስፒታሉ ሮጠች፤ አላስገቧትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው በኋላ በር፣ የቆሸሸ አንሶላ የጫነ መኪና በሚወጣበት በኩል ትቆማለች። መሞትህ በሬዲዮም በጋዜጣም አልተነገረም። ጎረቤት እንኳ የሚያጽናናን በሹክሹክታ ነው።

ግራጫ ኮት የለበሰው ሰውዬ ቤታችን የመጣው ያኔ ነው። ጫማውን ምንጣፉ ላይ በደንብ ጠርጎ ገባ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አንተ በምትተኛበት በኩል።

«እናቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። እኔም እናት አለችኝ» አላት።

«ታዲያ እሷ ልጇ የት እንዳለ ታውቃለቻ!» አለችው እማዬ።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «የዚያን ቀን ስደውል ስልኩን ያነሳኸው አንተ ነህ አይደል? እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ደንግጬ ነበር። ቁርጥ እሱን!»

ድምፃችን አንድ መሆኑን ታውቃለህ፤ ጓደኞችህ ስንት ጊዜ አንተ መስዬአቸው ምስጢራቸውን ዘርግፈውልኛል። ሰውዬው የፈለገው ይህንኑ ነበር። አዲስ ክፍል ተጽፏል፤ አህያው ነዋሪውን ሰብስቦ «ተሳስቼ ነበር፣ ይቅርታ» ይላል። ሰው ድምፅህን ከሰማ ሞቷል የሚለው ወሬ ይቆማል፤ ቀልዱም በራሱ በቀልደኛው አፍ ይጠፋል። እኔ ድምፁን በሰጠሁ ማግስት አንተን ይሰጡናል። ቀብሩ ግን በጸጥታ፣ ከእኛ በቀር ሰው ሳይሰማ።

ከሄደ በኋላ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«አንዲት ቃል ናት የኔ ልጅ። የካርቱን አህያ ቃል! ማን ይይዘዋል? ተናገርና ወንድምህን አፈር ላልብሰው።»

«እሺ እማዬ» አልኳት። ከልቤ ነበር። ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ስሄድ እምቢ ልል አልሄድኩም።

ስቱዲዮው እንዳለ ነው። ፍራሽ የተለጠፈበት ግድግዳ፣ የሚንቋቋው ወንበርህ፣ «ጆሮ» የምትለው የድምፅ ባለሙያ ከነማዳመጫው። ጆሮ ቀና ብሎ አላየኝም። እማዬ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። ሠዓሊዋ፣ አንተ «ቀለሜ» የምትላት፣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ክንዴን ያዘችኝ። ከስታለች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ። «ጣቷን የሳልኳት እኔ ነኝ። ምንም አስቤ አይደለም። የተነሳ እጅ ስስል ሁልጊዜ አይቼ የምስለው ነገር እፈልጋለሁ። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ያለው ያ ፎቶ ነው። ቀና አልኩ፣ እጁን አየሁ፣ ሳልኩ፣ አለቀ። ክፍሉ ከታየ በኋላ ነው የገባኝ።»

«ወንድሜስ?»

«‹ማን ነው እንዲህ እንዲሳል ያዘዘው?› ብለው መጡ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ‹እኔ ነኝ› አለ። እሷ የታዘዘችውን ነው የምትስለው አላቸው።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «የሳቀውን ሁሉ ማሰር አይችሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። በናትህ ተናገርና ውሰደው። እኔ ብሆን እናገር ነበር።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ስትወሰድ እንደዚያ የተረጋጋኸው ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያኔ ነው።

ውስጥ ስገባ በእኔ ቦታ አዲስ ውርንጭላ ተቀምጣለች። ዩኒፎርም የለበሰች ትንሽ ልጅ፣ እግሯ መሬት የማይደርስ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ። «አንተ ነህ አባቴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ግራጫው ሰውዬ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከጆሮ አጠገብ ተቀምጧል። ሌላ ቡሽ አግኝቼ ነክሻለሁ። ቀዩ መብራት በራ።

«ጎረቤቶቼ» አልኩ፣ «ባለፈው ስብሰባ ላይ ተሳስቼ ነበር...»

ወንድምጋሼ፣ አንተ ነበርክ። እኔ እንኳ ደነገጥኩ። ጆሮ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ሰውዬው አውራ ጣቱን ወደ ላይ አደረገልኝ። «ሊቀመንበራችን ቅን ነው። በአጉል ጥያቄ አስቀይሜዋለሁ...» የቀረኝ «ይቅርታ አድርጉልኝ» የሚለው ብቻ ነበር። ከእሱ በፊት ግን የልጅቷ ተራ ነው። «ጎበዝ አባባ!» ልትል ነበር።

አላለችም። የተጻፈላትን አየች፣ እኔን አየች፣ ግንባሯን ቋጠረች።

«ግን አባባ፣ ምን አጥፍተህ ነው?»

እየተጫወተች ነው። ለእሷ እኔ አህያው ነኝ፤ የምትጠይቀውም አህያውን ነው። እኔም ለአንድ ልጅ እንደሚመለሰው መለስኩላት፤ በአንተ ድምፅ፣ ቡሹ አፌ ውስጥ እንዳለ።

«ምንም አላጠፋሁም፣ ልጄ።»

«እና ለምን ይቅርታ ትጠይቃለህ?»

መብራቱ ጠፋ። ሰውዬው በማይክሮፎኑ «ደስ ትላለች፣ ደስ ትላለች። በሉ እንድገመው» አለ። ደገምነው። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሳይጎረንን የነበረው ድምፄ ነው፤ ቀጭን፣ የሚሰባበር፣ የተማሪ ድምፅ። ውሃ ሰጡኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ቡሹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«አልችልም» አልኩ።

ሰውዬው አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኮቱን እየቆለፈ «ደክሞሃል። ሐሳብህን ስትለውጥ በሩ ክፍት ነው» አለኝ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ «እናትህ ውጭ ናት አይደል? እንግዲህ አንተው ንገራት» አለ።

ነገርኳት። እማዬ ከአግዳሚ ወንበሩ ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች። አልጮኸችም።

«አፈር እንኳ ነፈግኸው?» አለችኝ።

ይህቺን ቃል ይዤ ነው የምተኛው፤ ይዤያት ነው ትምህርት ቤት የምሄደው።

ጀግና ሆኜ እንዳይመስልህ። ያን ቀን ቃሉ አምልጦኝ ነው የወጣው፤ ድምፁም እምቢ ያለው እኔን ሳይጠይቅ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ተመልሶልኛል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሞክሬዋለሁ፤ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬም፣ ነገም ሄጄ መናገር እችላለሁ። አልችልም የሚለው ምክንያቴ አልቋል፤ የቀረው አልልም ነው። ብዙ አሰብኩበት። አህያው ይቅርታ ከጠየቀ አጥፍቷል ማለት ነው። አንተ አጥፍተህ ከሆነ ደግሞ እነሱ ምንም አላደረጉህም። እንደዚያ አድርጌ ብቀብርህ በላይህ ላይ የምጭነው አፈር ብቻ አይሆንም። ይህን ለእማዬ ልነግራት ሞከርኩ። «አንተ መጽሐፍ ታወራለህ፤ እኔ ልጄን ነው የምልህ» አለችኝ። እሷም እውነቷን ነው። ሁለታችንም እውነታችንን ይዘን አንድ ቤት ውስጥ እንኖራለን፤ እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ ተከትያት ወደ ኋላ በሩ እሄዳለሁ። አትጠራኝም፤ ሂድም አትለኝም። መጀመሪያ ሰሞን ራቅ ብዬ ነበር የምቆመው። ዛሬ ዘበኛው ምርር ብሎት ወጣ።

«እናት፣ ስንቴ ልንገርዎት? ቢቆሙም ባይቆሙም ያው ነው!»

«ያው ከሆነ ልቁም» አለችው እማዬ።

«ልጁስ? ትምህርት የለውም?»

ዞራ አየችኝ። ከስቱዲዮው ቀን ጀምሮ ፊቴን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«ወንድሙ ነው» አለችው። «ይቆማል።»

ቤት ደርሰን ሻርፗን እየፈታች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ «ነገ ካልሲ ደርበህ አድርግ። እዚያ በር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ካልሲዎቹ ወንበሩ ላይ ናቸው። እስኪሰጡን እንመጣለን ወንድምጋሼ፤ አንተም ጠብቀን።

ምንም ያላጠፋው ሰው ታናሽ፣
ውርንጭላው