የማኅበሩ የምሥጢር ወረቀት እሳት ከእጄ ስለ መውጣቱ

ለክቡር አቶ ዋኘው አዘዘ
የሰሊጥና የቆዳ ንግድ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ፣ በክረምቱ ያስቸግርዎ የነበረው ሳልስ እንዴት ሆነልዎ? እኔ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ፤ ሥራ የፈታ ሰው ደኅና ካልሆነ ማን ደኅና ይሆናል? ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ ገብቼ በእጅዎ ልሰጥዎ መጥቼ ነበር። ዘበኛው «ጌታው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለኝና እርስዎን ከስብሰባ ማስተጓጎል ነውር ስለ መሰለኝ፣ ፒያሳ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ እግረ መንገድዎን ያነቡታል፤ ባያነቡትም ያነበበ ሁሉ ይነግርዎታል።

በሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደ ሆነ፣ እኔ ማለት የማኅበሩን ጊዜ ያለፈባቸውን ወረቀቶች፣ የሰሊጥ ዋጋ የተጻጻፈባቸውን፣ ደንበኞች የተዘረዘሩባቸውን፣ ሌላ ነጋዴ ቢያያቸው የሚጎዱትን ሁሉ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ተሸክሜ፣ ቀሃ ወንዝ ዳር በቆፈርሁት ጉድጓድ የማቃጥል፣ አመዱንም በውሃ በጥብጬ የምደፋ፣ አምና ያሰናበቱኝ አድማሴ ነኝ። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም ብዙም አያልፍምና የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስላሰናበቱኝ አመሰግናለሁ። ምክንያቱን ከተማው ሁሉ ስለሚያውቀው ብደግመው አላፍርም። ቅዱስ ስም ያለበትን ወረቀት እሳት ውስጥ መጣል አይሆንልኝም። የማኅበሩ ደንበኞች ግን ወረቀቱ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል፤ የእንፍራንዙ ገብረ ሚካኤል፣ የሳንጃው ወልደኢየሱስ፣ ሌሎቹም። ነጋዴውን ላቃጥል ብል መልአኩ አብሮ ሊቃጠል ነው። ስለዚህ ስም ስሙን በመቀስ እየቆረጥሁ በጆንያ አኖርና የቀረውን አቃጥል ነበር፤ ጆንያውንም ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አስረክብ ነበር። ታዲያ አምና የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ፣ እርስዎ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ቆመው ሳለ፣ ቄሰ ገበዙ በዚያ በደጉ ድምፃቸው «አድማሴ፣ የማኅበሩ ጆንያ ሞላኮ፤ ሌላ አምጣልን እንጂ!» ብለው ተጣሩ። ነጋዴዎቹ «ደግሞ ምኑ ነው የሞላው?» አሉ፤ ቄሰ ገበዙም የጠየቃቸውን ሰው አያሳፍሩምና አንድ በአንድ አስረዷቸው። ያን ጊዜ እርስዎ «ሌባ እንኳ ቢገባ እንዲህ አጣርቶ አይለቅምልንም ነበር» አሉኝ። ዛሬ ሳስበው እውነትዎን ነው። ዋጋውን አቃጥዬ ሰዎቹን አስቀምጬ ነበር። ነፍሴን ስጠብቅ ማኅበሩን ምን እያደረግሁት እንደ ነበር እንዴት እንዳላየሁ እስከ አሁን ይገርመኛል።

ሁለተኛ፤ በእኔ ቦታ ከአሥመራ ድረስ አስመጥተው ስለ ሾሙልን ስለ አቶ ወልደ ዮሐንስ አመሰግናለሁ። እኔ አቃጣይ እባል ነበር፤ እሱ የምሥጢር ወረቀት ኃላፊ ይባላል። እኔ ጆንያ ተሸክሜ ወንዝ እወርድ ነበር፤ ለእሱ ወረቀቱ በማኪና ይመጣለታል። ረጅም ጭስ ማውጫ ያለው የብረት ማቃጠያ ፎርኖ ቆሞለታል፤ የናስ አዝራር ያለው ካኪ ካፖርት ተሰፍቶለታል። የመስቀል ግብዣ ላይም ከእርስዎ በስተቀኝ በወንበር ተቀምጦ አየሁት። እኔ በአገልግሎቴ ዘመን ሁሉ የተቀመጥሁት መጋዘኑ በር ላይ፣ የሰሊጥ ከረጢት ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ከረጢቱ ይመች ነበር፤ ያን ወንበር ሳይ ግን ጠላው አልወርድ አለኝ። ለነፍስ አባቴ «አባ፣ ቀናሁ» ብዬ ነገርኋቸው። «በምኑ? በሀብቱ?» አሉኝ። «የለም አባ፣ በካፖርቱ» ብላቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ መስቀላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድሁ፤ ብነሣ ካፖርቱ እዚያው ዓይኔ ላይ አለ።

ሦስተኛ፤ የሰውየው ሥራ እንከን ስለሌለበት ቅሬታዬን አቀርባለሁ። የተተካ ሰው የተኪውን ስሕተት የማየት መብት ሊኖረው ይገባል። በቅዱሳኑ ስም ልከሰው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን እሳቱን ከመለኮሱ በፊት ስሞቹን በእርጥብ ጨርቅ አጥቦ ያጠፋቸዋል። ቀለም በውሃ እንደሚለቅ ልብስ አጥቤ የማውቅ ሰው እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ከዚያም አመዱ ወደሚደፋበት ሄድሁ። በበትር አገላበጥሁ፤ ተንበርክኬ በጣቴ ፈተግሁ፤ አንዲት ፊደል ተርፋ እንደ ሆነ ይዤልዎ ልመጣ። ዱቄት ነው፤ ሸጋ ዱቄት! የእኔ አመድ እንዲህ ደቅቆ አያውቅም። ወልደ ዮሐንስ ለካ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል፤ «አያ አድማሴ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። «ሳንቲም» አልሁ። ካፖርቱ አመድ ለአመድ እየተጎተተ አብሮኝ ተንበርክኮ ይፈልግ ጀመር። ክቡር ሆይ፣ ምነው ክፉ ሰው ቢቀጥሩልኝ ኖሮ?

አራተኛውን ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል። ከፎርኖው ወዲህ ማቃጠል ጳጉሜን አይጠብቅምና፣ ለፊታችን ዓርብ ከተለዩት ወረቀቶች መካከል በመጋዘኑ ሰሊጥ ያበጥሩ የነበሩ ሴቶች የፈረሙበት ሉህ እንዳለ ሰማሁ። ባለቤቴ አባይነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትታመም ድረስ እዚያ ሠርታለች። ፊደል ስላልቆጠረች በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው። ሰሊጡ ጣቷን ያወዛው ስለ ነበር ምልክቷ ከጓደኞቿ ሁሉ ደብዘዝ ይላል፤ ባየው አልስተውም። ፎቶግራፍ ተነሥታ አታውቅም። ልብሷን ለነዳያን ሰጥቻለሁ። ከእጇ በዚህ ዓለም የቀረ ነገር ቢኖር ያ ነው።

መጀመሪያ ሉሁን ስጡኝ ልል ነበር። ራሴን ስመረምር ግን የሌሎች ሴቶችም ጣት አብሮ አለ፤ ሚስቴ ስለ ፈረመችበትም የማኅበር ምሥጢር ምሥጢርነቱ አይቀርም። ስለዚህ ይትረፍልኝ አልልም። የምለምነው፣ ከነሉሁ እኔ በእጄ እሳቱ ውስጥ እንድጨምረው ብቻ ነው። በካፖርቱና በወንበሩ መቅናቴን ንስሐ ገብቼበታለሁ፣ ገናም እገባበታለሁ። የሚስቴን ጣት ሌላ ወንድ እንዳያቃጥለው መቅናቴን ግን ኃጢአት ነው ያለኝ ካህን እስከ ዛሬ የለም።

ይህንኑ በዘበኛው በኩል ባስጠይቅዎ «ማኅበሩ ከተሰናበተ ሰው ጋር ስለ ምሥጢር ወረቀት አይነጋገርም» የሚል መልስ ልከውልኛል። ስለ ጥንቃቄዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የአንዲት ሟች አውራ ጣት በባላንጣ ነጋዴ ዓይን ብትገባ የሰሊጥ ገበያው ምን ይሆን ነበር?

ሹመትዎን በምድር፣ ትዕግሥትዎን ደጅ ለሚጠናዎ ሁሉ ያብዛልን እያልሁ፣ ከስብሰባዎ በር ውጭ ቆሜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞው አቃጣይ፣ የአባይነሽ ባል
አድማሴ ሐብተ ማርያም
ጎንደር፣ ጥቅምት ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ይህን ከመለጠፌ በፊት ልጣላው ቆርጬ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጉዳዩን ስነግረው ቆቡን አውልቆ «ነፍስ ይማር። አያ አድማሴ፣ ጌታው ብቻ ይፍቀዱልኝ እንጂ እኔስ የፎርኖውን በር ከፍቼልዎ ዞር እል ነበር» አለኝ። ማኅበሩ ከእኔ የተሻለ ሰው ፈልጎ ማግኘቱን በዚያ አመንሁ፤ ፍለጋው በእኔ ቦታ ብቻ እንዳይቆም በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።