ጎታ ውስጥ የቀበርኩት ስልክ

ብዕሩን የያዘችው የጤና ኬላችን ሠራተኛ የትናየት ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ የባህሩ ነው።

ልጄ ጸዳለ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የዱባይ ሙቀት ከእኛም ቆላ ይብሳል ይላሉ፤ እውነት ነው? የምትሠሪላቸው ሰዎች ለቅሶ እንድትቀመጪ ፈቀዱልሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

መርዶውን ያረዱሽ ሰዎች ያልሽውን ነገሩኝ። እናቴ ስልኬን ሳታነሳ የሞተችው ተቀይማኝ ነው እያልሽ ታለቅሻለሽ አሉ። አልተቀየመችሽም። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ድምፄ እንዳይከዳኝ ብዬ ወረቀት መረጥኩ።

እናትሽ ስልኩን እንዴት እንደምትይዝ ታውቂያለሽ፤ በመቀነቷ፣ በግራ ጎኗ ሸጉጣ፣ ስትተኛም ሳትፈታው። ከሰሊጥ አጨዳ እንደተመለስን ትኩሳት ያዛት፤ ከሳች፤ ያው ግራ ጎኗ አበጠ። የስልኩ ታወር ከመንደራችን ኋላ ከተተከለ ወዲህ፣ ጎረቤታችን ደምለው የስልክ ጨረር ሥጋ ይበላል ሲል ሰምቼ ነበር። እብጠቱ ስልኩ ካለበት ቦታ ሲሆን ሌላ ምን ልበል? ነጥቄ ጣሳ ውስጥ ከተትኩና ማሽላ ጎታው ውስጥ ቀበርኩት።

የትናየት መጥታ ነግራኛለች። የስልክ ሞገድ ጉልበቱ ትንሽ ነው፣ ቢበዛ ገላን በጥቂቱ ያሞቃል፣ የእርሻው ፀሐይ ይብሳል፤ ጎን ግን አያሳብጥም፤ ይህ ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ሊሆን ይችላልና ሆስፒታል እንውሰዳት አለች። ትናንት የተወለድሽ ልጅ የእኔን ቤት ልታስተምሪ መጣሽ ወይ ብዬ መለስኳት። ስልኩ ከራቀ እብጠቱ ይሟሽሻል ብዬ ሁለት ወር ጠበቅሁ።

እናትሽ በየቀኑ «ስልኬን ስጡኝ፤ ልጄ ትደውላለች» ትለኝ ነበር። ሲሻልሽ አልኳት።

ብሶባት ጎንደር ስናደርሳት ሐኪሙ ካላዛር ነው፣ ያበጠው ጣፊያዋ ነው አለ። እርሻ ላይ ከግራር ሥር ስታድር የአሸዋ ዝንብ ነክሷት ነው፤ ቀደም ብላ ብትመጣ መድኃኒት ነበረው አለ። በአራተኛው ቀን አረፈች።

የትናየት እዚህ ላይ «ባለማወቅ» የሚል ልጨምርበት አለችኝ። አትጨምሪ አልኳት፤ ነግራኝ ነበራ። ሰው ይቅርታ ስጠይቅ ሰምቶኝ አያውቅም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ወንድምሽ ትዕዛዙና ሚስቱ ፈንቴ ከገለጉ ሰላም ብለውሻል። ልጃቸው መቅዲ ድክ ድክ ማለት ጀምራለች። ደምለውም ሰላም ብሎሻል፤ እሱን አትውቀሺው፣ የቀበርኩት እኔ ነኝ።

ስልኩን ከጎታው አውጥቼ ቻርጅ አስደርጌዋለሁ። በእናትሽ መቀነት፣ በግራ ጎኔ ታጥቄዋለሁ። ማንሳቱን ትዕዛዙ አሳይቶኛል፤ አረንጓዴው ነው። ደውይ።

ከሸሕዲ በታች፣ መጋቢት ፲፩ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

በይ የትናየት፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። አንዲት ቃል እንዳታለሰልሺ።