ስልሳ ሦስቱን ከረጢቶች መልሰው የሰፉት የወይዘሮ አይሊ ትሬጊር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አይሊ ትሬጊር ከአባታቸው ከአቶ ኡርሆ ኮስኬላ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳይሚ ኮስኬላ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1948 በሞንታና ግዛት በቢዩት ከተማ፣ በፊንላንዶች ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የመዳብ ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው የማዕድን ሠራተኞችን ልብስ እቤታቸው ይጠግኑ ስለነበር አይሊ መርፌ የያዙት እርሳስ ከመያዛቸው በፊት ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በቢዩት ተከታትለው በ1966 አጠናቀቁ። በጂኦሜትሪ ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ፤ ምኞታቸውም የመሬት ቀያሽ መሆን ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት አባታቸው ሳንባቸውን ታመው ሥራ በማቆማቸው፣ አይሊ ለአዳኞች ድንኳንና የጭነት በቅሎ ከረጢት በሚሠራ የሸራ ስፌት ቤት ተቀጠሩ። በዚያም ሠላሳ አምስት ዓመት ሠሩ።

በጁን 1971 የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ከሆኑት ከአቶ ዴኒስ ትሬጊር ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው በ1973 ካይሳን፣ በ1976 ማርቲንን ወለዱ።

በ1998 በጋ፣ ከካናዳ ተነሥተው በተራራው ኮረኮንች ወደ ሜክሲኮ ድንበር የሚጓዙ አንድ ባልና ሚስት ብስክሌታቸውን እየገፉ ስፌት ቤቱ ድረስ መጡ። ከኋላ ጎማው በላይ ያለው የጭነት መያዣ ብረት ተሰብሮ፣ በጎንና በጎን ያንጠለጠሉት ከረጢት ተቀዶ ነበር። አይሊ ብስክሌቱን ዙሪያውን አዩና «በቅሎ ላይ እንኳ ጭነት እንዲህ አይንጠለጠልም። መሀሉን ባዶ ትታችሁ ዳሩን ለምን ትጭኑታላችሁ?» አሏቸው። ከዚያም በብስክሌቱ አካል ብረቶች መካከል ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍተት በጋዜጣ ለክተው፣ ልኩን የሚሞላ ከረጢት እስከ ማግስቱ ሰፍተው ሰጧቸው። ባልና ሚስቱ በየደረሱበት አወሩ፤ በክረምቱ ከስድስት ሰዎች ደብዳቤ መጣ። በ2001 ስፌት ቤቱ ሲዘጋ አይሊ ሁለት የስፌት መኪናዎችና የተረፈውን ክር ገዝተው በቤታቸው ጋራዥ ሥራ ጀመሩ። ከኮርቻ ሥር፣ ከመሪ ላይና ከብረቶች መሀል የሚታሰሩ ከረጢቶቻቸው በዚያ መንገድ ላይ የታወቁ ሆኑ። እርሳቸው ግን ብስክሌት ነድተው አያውቁም። ለጠየቃቸው ሁሉ «ጫማ ሰፊ ሁሉ ሯጭ ነው እንዴ?» ይሉ ነበር።

በጁን 2006 ከሚኒሶታ አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ወይዘሮ ግዌን ሃልስቴድ የተባሉ ደንበኛቸው ቁልቁለት ሲወርዱ የኮርቻው ከረጢት ማሰሪያ ተበጥሶ ጎማው ውስጥ ገብቶ፣ ወድቀው ትከሻቸው ተሰብሯል። ከረጢቱንም አብረው ልከውት ነበር። አይሊ ስፌቱን በጥፍራቸው ቢነኩት ክሩ እንደ ደረቀ ሣር ተሰባበረ። ከስፌት ቤቱ የገዙት ናይለን ክር ነበር፤ ለድንኳን ውስጠኛ ስፌት የተሠራ እንጂ ዓመት ሙሉ ፀሐይ የሚችል አልነበረም።

«ሴትዮዋ እኮ አልወቀሰችሽም» አሏቸው ባለቤታቸው።

«እሷ ባትወቅሰኝም ክሩን አውቀዋለሁ» አሉ አይሊ። «ለጥላ የሚሆነውን ፀሐይ ላይ ያዋልኩት እኔ ነኝ።»

በዚያ ክር የተሰፉት ስልሳ ሦስት ከረጢቶች ነበሩ። አይሊ አዲስ ሥራ መቀበል አቁመው ከልጃቸው ከካይሳ ጋር ለሁሉም ደንበኞች ደወሉ፤ ጻፉም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ቶይቮ «አሁንስ አበዛሽው» ስላላቸው ለአንድ ወር ያህል አላነጋገሩትም። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ተገኙ። ያልተገኙት ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር፣ አቶ ኦሪን ፓስክ ነበሩ፤ ስልክ ሳይዙ ብቻቸውን ወደ ደቡብ እየተጓዙ ነበር። እህታቸው ግን «ትናንት ከፓይንዴል ከተማ በሕዝብ ስልክ ደውሎልኛል፤ ወደ ዋዮሚንግ በረሃ ሊገባ ነው» አሉ።

አይሊ ወስፌ፣ ፀሐይ የሚችል ፖሊስተር ክርና ስምንት ፔስቲ፣ ማለትም የማዕድን ሠራተኞች የሚበሉት ሥጋና ድንች የተሞላ ቂጣ፣ ይዘው ከአቶ ዴኒስ ጋር በፒክአፕ ተነሡ። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ ረጅም ቁልቁለት አፋፍ ላይ፣ በከብቶች አጥር በር አጠገብ አንድ ሽበታም ብስክሌተኛ ውኃ ሲጠጡ አገኙ።

«አቶ ኦሪን ፓስክ እርስዎ ነዎት?»

«ግብር ሰብሳቢ ከሆናችሁ አይደለሁም።»

«ከረጢትዎን የሰፋሁት ነኝ። ጉዞዎን አይቀጥሉ፤ ክሩ በስብሷል።»

አቶ ኦሪን ሳቁ። «ለክር ብላችሁ ከቢዩት ድረስ መጣችሁ? ከካናዳ ጀምሮ ተሸክሞልኛል እኮ፣ እመቤት! ምንም አልሆነም።»

አይሊ በሁለት ጣታቸው ማሰሪያውን ይዘው ሳብ ቢያደርጉት እጃቸው ላይ ቀረ፤ ከረጢቱም ከነመኝታ ልብሱ ጎማው ላይ ወደቀ። አቶ ኦሪን አንድ ጊዜ ከረጢቱን፣ አንድ ጊዜ ቁልቁለቱን አዩና መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ።

«ይኼን ልወርደው ነበር» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

አቶ ዴኒስ አንድ ፔስቲ አቀበሏቸው። «ብላ ወዳጄ። እሷ አንዴ ከጀመረች ቶሎ አትላቀቅም።»

አይሊ በፒክአፑ ጀርባ ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት በእጃቸው ሰፉ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ከአቶ ኦሪን ከሜክሲኮ ድንበር የመጣው ፖስትካርድ አንድ ቃል ብቻ ነበረው፤ «ይዟል።» የቀሩትን ከረጢቶች ሰፍተው ሲጨርሱ ኦክቶበር ሆነ። ወይዘሮ ግዌን ይቅርታ እንዳደረጉላቸው ቢጽፉም አይሊ በቀጣዩ ጃንዋሪ ሚኒሶታ ድረስ ሄደው በአካል ይቅርታ ጠየቋቸው። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ወዳጆች ነበሩ።

ከ2012 ጀምሮ ሬናታ ቩኮቪች እየተማረች አብራቸው ትሠራ ነበር። አይሊ ጥሩ አስተማሪ ቢሆኑም ለስላሳ አልነበሩም። ሬናታ አንድ ቀን «ይኼን ስፌት ሦስቴ አስፈቱኝ፤ ኧረ ጨርቁ ራሱ ደከመው!» ብትላቸው «እንግዲያው አሳርፊውና ነገ ፍቺው» ብለዋታል። በ2016 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የስፌት መኪናውን ራሳቸው አጠፉ፤ ማንም እንዲነግራቸው አልጠበቁም። ሥራውን ለሬናታ አስረክበው መለካትና መቁረጥ ላይ ብቻ ቆዩ፤ በኋላ ያንንም ተዉት። መተዉ ቀላል አልነበረም። ያን ሰሞን ጋራዡ ውስጥ ብቻቸውን ሲያለቅሱ አቶ ዴኒስ አግኝተዋቸዋል።

ወይዘሮ አይሊ በቤታቸው በቤተሰባቸው ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለፈው ሳምንት የሞታቸውን ዜና የሰሙ አሥራ አንድ ደንበኞች ከረጢቶቻቸውን በፖስታ ልከውልናል። እንዲጠገንላቸው አይደለም፤ ስፌቱን እንድናይ ነው። ሬናታ አንድ በአንድ ጎትታ ሞከረቻቸው። አንዱም አልላላም።

ባለቤታቸውን አቶ ዴኒስን፣ ልጆቻቸውን ካይሳንና ማርቲንን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን ቶይቮንና የሥራ ልጃቸውን ሬናታን ትተው አልፈዋል።

የደከሙ እጆቻቸውን እግዚአብሔር በዕረፍት ይቀበልልን። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸው ብርታቱን፣ ዛሬም በመንገድ ላይ ላሉት ሁሉ በሰላም መግባትን ይስጥልን። አሜን።