ከእናንተ የተባረሩት አውቶቡሶች

ልጄ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይለምልም፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ምላሱ እንደ ድሮው ነው። እኔም የጤና ጣቢያውን ነጭ ጋውን እየሰፋሁ ነው።

ባለፈው ደብዳቤህ፣ እዚያ ባሕር ማዶ ጭሳም አውቶቡሶችን አስወጥታችሁ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ እንዳስገባችሁ፣ የሕፃናቱም ሳል እንደቀነሰ ስትጽፍልኝ ኮርቼ ለጎረቤቱ ሁሉ አንብቤው ነበር። ወዴት እንዳስወጣችኋቸው ግን አሁን አየሁ። መስኮቴ ሥር ነው የሚቆሙት! በራቸው ላይ የከተማህ ስም አለ፤ ፖስታህን ይዤ ወርጄ ፊደል በፊደል አመሳከርኩት። ሾፌሩ "እማማ፣ ምን ጠፋዎት?" ቢለኝ "ልጄ የላከልኝ ዕቃ ነው" አልኩት።

ጋውኑን ሰፍቼ ሳልተኩሰው ይጠቁራል። እሱስ ይታጠባል። የእህትህ ልጅ ሳንባ ግን አይታጠብም፤ በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ኦክስጅን ተሰክቶላታል። አባትህ "ልጁ ምን ያድርግ፣ ተቀጣሪ ነው" ይላል። ወደ ውጭ የሚሸጡትን አሮጌ አውቶቡሶች መርምሮ የሚፈርመው አንተ አይደለህም እንዴ? የዓለም ሙቀት የሁላችንም ጉዳይ ነው ያልከኝስ አንተው አይደለህ? ታዲያ ጭሱ አገር ሲቀይር ንጹሕ ይሆናል?

ተቆጣሁ እንጂ አልረገምኩህም። ዕድሜህ ይርዘም፤ ጤና አይለይህ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ፤ ቀጣዩ ወረቀት ላይ ከመፈረምህ በፊት አለቃህን "ይሄ የሚቆመው የማን መስኮት ሥር ነው?" ብለህ ጠይቀው። መልሱንም ጻፍልኝ፤ ለጎረቤቱ አነበዋለሁ።

እናትህ